ታጣፊ ካምፐር ለሳነቴ ብርድ ማዘጋጀት

መነሻ

ካምፐሩ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ነው። ሲታጠፍ ወገብ የሚደርስ ሳጥን ይሆናል። ዊንቹን፣ ማለትም ሽቦ የሚጠቀልለውን ማንሻ፣ ስናዞረው ጣሪያው ወደ ላይ ይነሳል፤ ከፊትና ከኋላ ደግሞ ሁለት አልጋዎች ተስበው ይወጣሉ። የታችኛው ሳጥን ላሜራ ነው። ጣሪያው ፋይበር ነው። በመሀል ያለው ግድግዳ በሙሉ ሸራ ነው። ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ የውጭ ዜጋ ገዛነው። አሁን ቀበና፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሥራውም እዚያው ነው የሚሠራው።

እኔና ባለቤቴ የምንፈልገው በጥር ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሳነቴ አምባ ወጥተን ማደር ነው። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል። ካምፐሩ ግን የተሠራው ለሞቃት ወራት ሽርሽር ነው። የአዲስ አበባን የኅዳር ብርድ እንኳ አይችልም።

መጀመሪያ መለካት

ብርድ መከላከያ ፎም ከመግዛታችን በፊት ሁለት ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዛን። አንዱን ውጭ፣ አንዱን ውስጥ ሰቅለን ግቢው ውስጥ አደርን። ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ውጭው 7 ዲግሪ፣ ውስጡ 8 ተኩል ነበር። ሸራው ንፋሱን ይከለክላል፣ ሙቀት ግን አይዝም።

ከዚያ በወረቀት አሰላነው። የተኛ ሰው ወደ 75 ዋት ሙቀት ይሰጣል። ሁለት ሰው 150 ዋት ማለት ነው። ነጠላ ሸራ በካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ ወደ 6 ዋት ያሳልፋል። የኛ ሸራ 16 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውስጡን በአንድ ዲግሪ ከውጭው ለማብለጥ ወደ 96 ዋት ይፈልጋል። 150ን ለ96 ስናካፍል አንድ ተኩል መጣ። ወረቀቱና ቴርሞሜትሩ ተስማሙ።

ይህ ስሌት የሥራውን አቅጣጫ ቀየረው። ሸራውን በሙሉ ደርበን ብክነቱን በግማሽ ብንቀንስ እንኳ የምናገኘው 3 ዲግሪ ነው። ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 5 ቢሆን፣ እኛ ከዜሮ በታች 2 ላይ እንተኛለን። ለዚያ ያን ሁሉ ብር ማውጣት አያዋጣም። ስለዚህ ቤቱን ሁሉ የማሞቅ ሐሳብ ቀረ። መሞቅ ያለበት አልጋው ነው። ሌላው ሥራ ሁሉ ይህን ማገዝ አለበት።

ክፍተት ፍለጋ

ይህ ርካሹ ሥራ ነው። ሲመሽ ባለቤቴ ውስጥ ሆና ጠንከር ያለ የእጅ ባትሪ አበራች። እኔ ውጭ በጨለማ እየዞርኩ ብርሃን የሚወጣበትን ሁሉ በኖራ ምልክት አደረግኩ። የውሃ ቱቦው በሚገባበት፣ የመብራት ሽቦው በሚያልፍበት፣ በአልጋው ሐዲድ ማዕዘኖች በኩል ብርሃን ይወጣል። ብርሃን ያሳለፈ ንፋስም ያሳልፋል።

ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በሲሊኮን ደፈንን። የአልጋው ሐዲድ ስለሚንቀሳቀስ ሲሊኮን አይሆነውም። እዚያ የመኪና በር ጎማ ገባ። ሶማሌ ተራ በሜትር ተቆርጦ ይሸጣል። አሮጌ መኪና ላይ የነበረው ከአዲሱ ይረክሳል፣ ግን ደርቆ የተሰነጠቀ እንዳይሆን ጎንበስ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

የአልጋ ሥር

በዚህ ካምፐር ውስጥ ብርዱ መጀመሪያ የሚሰማው ከሥር ነው። ዳሌና ትከሻ ላይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አልጋው ሲወጣ ከሳጥኑ ውጭ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከሥሩ ያለው 12 ሚሊ ሜትር ኮምፖንሳቶ ብቻ ነው። ንፋሱ ከሥር እንደልቡ ያልፋል። ከላይ ያለው ፍራሽም ስፖንጅ ነው። ሰው ሲተኛበት ይታመቃል፤ የታመቀ ስፖንጅ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ አየር አይቀርም። የፈለገውን ያህል ብርድ ልብስ ከላይ ቢደረብ ከሥር የሚወጣውን አይመልስም።

መፍትሔው ነጩ ፎም ነው፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚታሸግበት ዓይነት። 3 ሴንቲ ሜትር ፎም ሙቀትን ከዚህ ኮምፖንሳቶ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይከላከላል። መጀመሪያ ምናለሽ ተራ ሄድን። ከማሸጊያ የተረፈ ፎም በርካሽ ሞልቷል። ግን ሁሉም የዕቃውን ቅርጽ ይዟል፤ ጎድጓዳና ጉብታ ነው። ጠፍጣፋ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ያንን ለማዕዘን መሙያ አስቀመጥነው። ሙሉውን ሉህ ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ሲወጣ ካሉት የሕንፃ ዕቃ መሸጫዎች ገዛን።

ማጣበቂያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማስቲሽ ይህን ፎም ይበላዋል። ቁራጭ ላይ ትንሽ ጠብ አድርገን አየነው፤ ወዲያው ጎደጎደና ቀለጠ። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ራሱን ያሟሟዋል። የአናጢ ኮላ ግን ምንም አላደረገውም። በእንጨት ላይ ደህና ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። አልጋዎቹን ገልብጠን ኮላ ቀብተን፣ ፎሙን ለጥፈን፣ ብሎኬት ጭነንበት አሳደርነው።

ፎሙ ከሥር ስለሆነ ጠጠርና ጭቃ ይመታዋል። ስለዚህ በአሮጌ የማስታወቂያ ባነር አለበስነው። ባነር ውሃ አያሳልፍም፣ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም እዚህ ግባ አይባልም። ዳር ዳሩን በሰፊ ጭንቅላት ምስማር ያዝነው። አልጋው ወደ ውስጥ ሲገባ ከሥሩ 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ ፎሙና ባነሩ ልክ ይገባሉ። ፎሙ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢወፍር ኖሮ ካምፐሩ አይዘጋም ነበር። በታጣፊ ዕቃ ላይ ከመግዛት በፊት ማጠፍና መለካት ይቀድማል።

ከኮምፖንሳቶው በላይ፣ ከፍራሹ ሥር፣ ለሕፃናት መጫወቻ የሚነጠፈውን ተገጣጣሚ የፎም ምንጣፍ አደረግን። ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃ አይጠጣም፣ ሰው ሲተኛበትም እምብዛም አይታመቅም። ከዚያው ምንጣፍ የተረፈው መሀል ወለሉ ላይ ተነጠፈ።

የዚህ ክፍል ወጪ ፎም፣ ኮላ፣ ምንጣፍና ሲሊኮን ተደምሮ 6,000 ብር አካባቢ ነው። ከሁሉም የተሻለ ዋጋውን የመለሰ ሥራ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጣሪያ

ጣሪያው አንድ ንብርብር ፋይበር ነው። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ የትንፋሽ ውሃ ይንጠባጠባል። እዚህ 2 ሴንቲ ሜትር ፎም ለጠፍን። ከዚያ በላይ ቢሆን ሲዘጋ ፍራሹን ይጫነዋል።

አናጢው በኮምፖንሳቶ ካልተሸፈነ አያምርም አለ። ማማሩስ እውነት ነው። ግን 5 ካሬ ሜትር ስስ ኮምፖንሳቶ ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። ፎሙ ራሱ 2 ኪሎ አይሞላም። ጣሪያውን የሚያነሳው የዊንቹ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል። ስለዚህ ፎሙን በአቡጀዲ ሸፈንነው። በውሃ የቀጠነ ኮላ ተቀብቶ ሲደርቅ ተወጥሮ ይቀመጣል። ብሎን አልተጠቀምንም፤ ጣሪያ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ አንድ ቀን ውሃ ያስገባል።

ይህ ፎም እሳት ካገኘው ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መጥፎ ነው። ከዚህ በኋላ ካምፐሩ ውስጥ ምድጃ አይበራም። ምግብ የሚበስለው ውጭ ነው።

ሸራው

ቤቱን ሁሉ ማሞቅ ቢቀርም ሸራውን እንዲሁ አልተውነውም። ለመጋዘን ቆርቆሮ ሥር የሚነጠፈውን፣ መሀሉ የአየር ፊኛ ያለውን የሚያብረቀርቅ ፎይል በሜትር ገዛን። መርካቶ ሸራ የሚሰፉ አንድ አባት ጋ ወሰድነው። አገላብጠው አዩትና፣

«ልጄ፣ ይሄ ነገር መርፌ ሲበዛበት ይቀደዳል። ዳሩን በባነር ልክፈፈውና ስፌቱ ባነሩ ላይ ይረፍ» አሉኝ።

«እርስዎ እንዳሉት ይሁን አባባ» አልኳቸው። ጥሩ ነገሩኝ። ከጉዞ በኋላም አንድ ስፌት አልተተረተረም።

መጀመሪያ ፎይሉን ከሸራው ጋር በቬልክሮ አጣብቀን ሞከርነው። ጠዋት ሲነሳ ከጀርባው ውሃ ተጠራቅሞ ወደ ፍራሹ ይወርዳል። ሙቀቱም እንደጠበቅነው አልጨመረም። ፎይል ሙቀትን የሚመልሰው ከፊቱ የአየር ክፍተት ሲኖር ነው። ከሌላ ነገር ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ያልፋል፤ ማብረቅረቁ ሥራ ያቆማል። ከሸራው 3 ሴንቲ ሜትር አርቀን፣ ታቹን ክፍት ትተን ሰቀልነው። ውሃው ቀረ ባይባልም ፍራሹ ጋ መድረሱ ቆመ።

ፎይሉ በጣም የጠቀመው ግን ከውጭ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ወደ ሰማይ የዞረ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማዩ ይለቅና ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት መኪና ጣሪያ ላይ ጤዛ የምናየው ለዚህ ነው። የአልጋዎቹ የሸራ ጣሪያ ሌሊቱን ሙሉ የሚያየው ሰማዩን ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ አልጋ ላይ ከውጭ የፎይል ክዳን ጣልንበት፣ የሚያብረቀርቀው ወገን ወደ ላይ። በጎማ ገመድ ወደ ታች ይታሰራል። ሸራውን እንዳይነካ ከሥሩ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦ አጋድመናል።

ፎይልና ስፌት 5,500 ብር ወጣባቸው። ከዚህ ውስጥ የሚበልጠው የእጅ ዋጋ ነው፣ የሚገባም ነው።

ማሞቂያ

አንድ ጓደኛችን የቻይና የናፍጣ ማሞቂያ አዋሰን። ግቢው ውስጥ ስናበራው ጥቁር ጭስ አወጣ። ይህ ማሽን ናፍጣውን የሚመጥነው ለባሕር ወለል አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከዚያ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፤ ሳነቴ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ናፍጣው ሳይቀነስ አየሩ ሲቀንስ በደንብ አይነድም፣ ውስጡ በጥላሸት ይሞላል። የፓምፑን ምት ከማስተካከያው ቀነስንና ጭሱ ጠራ። ለሳነቴ እንደገና መቀነስ ይኖርበታል። ሲነሳ ደግሞ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። የኛ ባትሪ ለመብራትና ለስልክ የተያዘ ትንሽ ባትሪ ነው። ዕቃውን አመስግነን መለስን። ትልቅ ባትሪና ሶላር ላለው ሰው ግን ጥሩ ዕቃ ነው፣ የከፍታ ማስተካከያ ያለውን ከመረጠ።

ይህን ሲያዩ የአጎቴ ሚስት፣ «ታዲያ ከሰል ይዛችሁ አትሄዱም? ማንደጃውን እኔ እሰጣችኋለሁ» አሉ።

«አይ እትዬ፣ ከሰል እንኳን እዚያ እዚህ ቤትም ተዘግቶ አይታደርበትም» አልኳቸው።

ይህን ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። የከሰል ፍም ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስልም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውዬው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። ከፍታ ላይ ራስ ምታትና ድካም ያለ ከሰልም ስለሚመጣ ምልክቱን መለየት አይቻልም። «ሸራ ስለሆነ አየር ያስገባል» የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ። እኛ ክፍተቱን ስንደፍን ነው የከረምነው። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ምድጃው ውጭ ቢሆንም የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ገዝተን ከትራሱ ቁመት ላይ ሰቅለናል፣ ምክንያቱም አጠገባችን ሌላ ሰው ጄኔሬተር ሊያስነሳ ይችላል።

አጎበር

የሥራው ዋና ክፍል ይሄ ነው። አልጋው 1.4 በ2 ሜትር ነው። በላዩ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጨርቅ አጎበር ብንሠራ፣ ሙቀት የሚያወጣው ገጽ ወደ 8 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ጨርቁ ድርብ ከሆነ፣ ከውጭ ደግሞ ሸራውና ፎይሉ ካሉ፣ በስሌቱ መሠረት ያው የሁለት ሰው ሙቀት 7 ወይም 8 ዲግሪ ይጨምራል። ያለ ናፍጣ፣ ያለ ባትሪ።

ጨርቁን ለመምረጥ ጊዜ ፈጀን። ቡልኮ ሞቃት ነው፣ ግን ጥጥ ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ፕላስቲክ ጭራሽ አይታሰብም። ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ያወጣል። ፕላስቲክ ያንን ሁሉ መልሶ በላያችን ያዘንበዋል፣ አየርም ይከለክላል። የተመረጠው ስስ የፍሊስ ብርድ ልብስ ነው። ቀላል ነው፣ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ ቶሎ ይደርቃል።

ባለቤቴ ልኬቱን አወጣች፣ መስፋቱን እኚያው አባት ሰፉልን። ሁለት ንብርብር ፍሊስ፣ በመሀላቸው ሁለት ጣት የሚያህል አየር። ከላይ በአራት ቀለበት ጣሪያው ላይ ካለው ገመድ ይንጠለጠላል። ታቹ ከፍራሹ ሥር ይጠቀጠቃል። በራስጌ በኩል አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል መተንፈሻ አለው። መተንፈሻው እንዲከደን አላደረግንም። ሰው ሲበርደው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን መክደን ስለሆነ፣ ክዳን አለመኖሩ ይሻላል።

ከፍራሹ በላይ፣ ከአንሶላው ሥር የመንዝ ባና ነጠፍን። እትዬ ሰጡን። የበግ ጸጉር ትንሽ ቢረጥብም ሙቀቱን አይለቅም። ይከብዳል፣ ግን የሚነጠፍ እንጂ የሚለበስ ስላልሆነ ክብደቱ አያስቸግርም።

ግቢው ውስጥ እንደገና ለካን። ሊነጋ ሲል ውጭው 6፣ ካምፐሩ 8፣ አጎበሩ ውስጥ 14 ዲግሪ ነበር። ፍሊሱ ደረቅ ነው። ውሃው ሸራው ላይ ነው ያረፈው፣ ከኛ ርቆ።

ዲንሾና ሳነቴ

ከመነሳታችን በፊት የተጎታቹን ኩሽኔታዎች አስቀየርን፣ አሮጌዎቹ ይጮኹ ነበር። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ ገባን። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ክፍያውና ፈቃዱ እዚያ ያልቃል። መጀመሪያ ዲንሾ አደርን። ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ አንድ ሌሊት 3,000 ሜትር ላይ ማደር በጣም ይረዳል።

ከጎባ በላይ መንገዱ ወደ ሰማይ ነው። ሃይሉክሱ ተጎታቹን እየጎተተ ትንፋሽ አጠረው። አምባው ላይ ስንደርስ የፎይሉ ፊኛዎች ተወጥረው ነበር። የውጭው አየር ግፊት ስለቀነሰ ውስጣቸው ያለው አየር ሰፍቷል። አንዳቸውም አልፈነዱም።

ተጎታቹን ያቆምነው ጠባቡን ወገን ወደ ንፋሱ አድርገን ነው። ሰፊው ሸራ ወደ ንፋሱ ከዞረ ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ ያድራል። ሲመሽ ውጭ ውሃ አፈላን። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለት ሊትሩን በጎማ የሙቅ ውሃ መያዣ ሞልተን እግርጌ አስገባን። ሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም፣ በሙቅ ውሃ ይጨማደዳል። ሁለት ሊትር ሙቅ ውሃ እስኪነጋ ድረስ በአማካይ የ15 ወይም 20 ዋት ማሞቂያ ያህል ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን 8 ካሬ ሜትር ለሆነ አጎበር ብዙ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት፦ ውጭ ከዜሮ በታች 4። ካምፐሩ ውስጥ ከዜሮ በታች 2። አጎበሩ ውስጥ 5 ዲግሪ።

5 ዲግሪ ሙቀት ነው አልልም። ነገር ግን በሁለት ብርድ ልብስና በሹራብ ደህና እንቅልፍ የሚያስተኛ ነው። ከሥር ምንም ብርድ አልተሰማንም፣ ያስደሰተኝም እሱ ነው። በአልጋው የሸራ ጣሪያ ላይ ከውስጥ ስስ በረዶ ተጋግሯል፤ ፀሐይ ሲወጣ ቀለጠና ፍሊሱን ጠብ ጠብ አለበት። ስለዚህ እንደነቃን መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ሸራውን በጨርቅ መጥረግ ነበር። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ አየች፣ መጥረጊያው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ።

የበሩ ዚፕ ግን ጠዋት አልከፈት አለ። እርጥበቱ ጥርሶቹ መሀል ገብቶ በረዶ ሆኗል። በእጅ አሙቀን ከፈትነው። ማስገደድ ዚፑን ይሰብረዋል።

ከተመለስን በኋላ

ካምፐሩን ቀበና ላይ ከፍተን ፀሐይ አስመታነው። ረጥቦ የታጠፈ ሸራ በጥቂት ቀን ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታ ደግሞ ከገባ አይለቅም። ከአልጋው ሥር ያለው ባነር በአንድ ቦታ በጠጠር ተቀዷል፤ በላዩ ሌላ ባነር ተለጥፎበታል።

አጎበሩን ጨምሮ ጠቅላላ ወጪው 17,000 ብር አካባቢ ነው። ኩሽኔታው እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

የሚቀጥለው ሥራ የበሩ ዚፕ ነው። ትንፋሽ እንዳይደርስበት ከውስጥ የፍሊስ መጋረጃ ይወርድበታል፣ ጥርሱም ሻማ ይቀባል። ለአልጋው የሸራ ጣሪያ ደግሞ ጠብታውን ወደ ዳር የሚወስድ ስስ ጨርቅ በማዘንበል ለመወጠር አስበናል። ጨርቁ ተገዝቷል፣ ቀለበቶቹ ገና ናቸው።